ንባብ ለሚከብዳት ልጄ ኮሌጅ ለማስመረጥ ለአማካሪ ልክፈል?

የመርካቶዋ ሰፊ (ጅማ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ሄርማታ መርካቶ ልብስ እሰፋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ንባብ ይከብዳታል። ሌሊት ተነሥታ የምታጠና ልጅ ናት፣ ስንፍና አታውቅም። ጓደኞቿ አራት ገጽ በሚያነቡበት ሰዓት እሷ አንድ ገጽ ብትጨርስ ነው። ስትጨርስም ደክማ ስለሆነ ያነበበችው አይያዝላትም። ያንኑ ገጽ ታናሽ ወንድሟ ጮክ ብሎ ሲያነብላት ግን መልሳ ለሱ የምታስረዳው እሷ ናት። በአማርኛ ለ እና ሰ ይምታቱባታል። በቁቤ ቢን እና ዲን ታገላብጣለች። መድረሳ ስትገባ ዐረብኛው ሦስተኛ ፊደል ሆኖ መጣባት። ኡስታዟ አላህ ይስጣቸውና ቶሎ ነቁባት፤ «ይህች ልጅ የምትይዘው በጆሮዋ ነው» ብለው እያሰሙ አስያዟት። ዛሬ እኩዮቿ ያልደረሱበትን ሱራ በቃሏ ትቀራለች።

ሱቅ ስታግዘኝ የደንበኛ ልክ 64 ስላት 46 ብላ ትጽፋለች። ስለዚህ ልክ የምይዘው እኔ ነኝ። ጨርቅ መቁረጥ ላይ ግን ትበልጠኛለች። የሙሽራ ቀሚስ ፎቶ በስልክ ታይና ወረቀት ላይ ሳትነድፍ በጠመኔ ብቻ ምልክት አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ ገጥሞ ይገኛል።

ትንሽ ሳለች ዓይኗ ነው ብለን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አስመረመርናት፤ ዓይኗ ደህና ነው ተባለ። ጆሮዋም ታይቶ ጤነኛ ነው። ኋላ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋገራትና ዲስሌክሲያ የሚባል የመማር እክል ይመስለኛል አለኝ። በአፉ ነው፣ ወረቀት የለኝም። አንዲት አስተማሪዋ ግን ልጆች ፊት «ፈዛዛ» ብላታለች። ያን ቀን ልጄ ቤት መጥታ ምግብ አልቀመሰችም።

አሁን ሁለት መንገድ ቀርቦልኛል። አንደኛው፣ አዲስ አበባ ቢሮ አለኝ የሚል የትምህርት አማካሪ ነው። በዘመድ በኩል ስልኬን አግኝቶ ደወለ። «እንደ ልጅሽ ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ ኮሌጅ ውጭ አገር አለ፣ እኔ አስገባታለሁ፤ ለጅምሩ 40 ሺህ ብር ላኪ» አለኝ። መጀመሪያ ቱርክ ነው ያለኝን በሁለተኛው ስልክ ማሌዢያ አደረገው። ውጭ ካልፈለግሽ ደግሞ እዚሁ ጥሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስመድብልሻለሁ ይላል። ልጄን ላናግራት አላለም። ምን እንደሚከብዳት እንኳ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛው በእህቴ በኩል ነው። እህቴ ሚኒሶታ ናት። እዚያ የመማር እክል ላላቸው ልጆች ብቻ ኮሌጅ የሚመርጡ አማካሪዎች አሉ፣ ለጥቂት ሰዓት ምክር እኔ እከፍላለሁ ትላለች።

የልቤን ልናገር። እኔ ትምህርቴን ከ10ኛ ነው ያቆምኩት። ልጄ ዲግሪ እንድትይዝ እፈልጋለሁ። እሷ ደግሞ የልብስ ዲዛይን ካልሆነ ሌላ አልማርም ትላለች። በዚህ እንጋጫለን፤ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብ ላይ የሚያደርገውን የማውቀው እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ አማካሪ በእርግጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ሊከፈልበት የሚገባ ነገር አለው? ካለው፣ ገንዘቤን ሳልሰጥ በፊት ምን ልጠይቀው?


አጂፕ ሰፈር

እህቴ፣ «አስመድብልሻለሁ» የሚለውን ሰው ስልክ አታንሺ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በአብዛኛው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተማሪው ምርጫውን በራሱ ቁጥር ገብቶ ይሞላል፣ አለቀ። መሐል ላይ የሚገባ ደላላ የለም። 40 ሺህሽን ያዢ።


የልዩ ፍላጎት መምህር (ጅማ)

ወ/ሮ፣ ጥያቄዎ ልብ ይነካል። ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ስለ ምደባው አጂፕ ሰፈር ያለው ልክ ነው። የምጨምረው አለ። የአካል ጉዳት ወይም ከባድ የጤና ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ማስረጃ አቅርበው በልዩ ሁኔታ እንዲመደቡ የሚጠይቁበት አሠራር አለ። ጥያቄው በትምህርት ቤቱና በሚኒስቴሩ በኩል ነው የሚሄደው፣ በገንዘብ አይደለም። እዚያ ላይ የሚናገረው ወረቀት ነው። በአፍ የተነገረዎት ነገር እውነት ቢሆንም ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከኮሌጅ ምርጫም ከአማካሪም በፊት ወረቀቱ ይቅደም። በዩኒቨርሲቲያችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለ፤ በሕክምና ማዕከሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ከሁለቱ በአንዱ ይጀምሩ።

ወረቀቱ «ዲስሌክሲያ አለባት» ብቻ ብሎ ቢያበቃ ብዙ አይጠቅማትም። በደቂቃ ስንት ቃል እንደምታነብ፣ ሲነበብላት ምን ያህል እንደምትረዳ፣ ስትጽፍ የምትስተው ምን እንደሆነ፣ የትኛው እርዳታ እንደሠራላት (ተጨማሪ ሰዓት፣ አንባቢ፣ የቃል ፈተና) ተለክቶ ይጻፍ። የጻፉት አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይጠቅማል። እዚህ ጅማ ብዙ ልጆች እስከ 8ኛ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ እንግሊዝኛው ሲመጣ ይደናቀፋሉ፤ ያ የቋንቋ ክፍተት ነው፣ እክል አይደለም። የእርስዎ ልጅ ግን በግዕዝ ፊደሉም፣ በቁቤውም፣ በዐረብኛውም ያው ችግር አለባት። መርማሪው ይህን ሳይሰማ አይቅር። የኡስታዟንም ምስክርነት ይንገሩት።

ስለ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው እውነቱን ልንገርዎት። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና በላይ ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ያንን ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በታች ያመጡት ሚኒስቴሩ በየዓመቱ በሚያወጣው መቁረጫ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ፤ ለአካል ጉዳተኞች የሚቆረጠው ነጥብ ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ አንብቦ መጨረስ ለሚከብዳት ልጅ ሰዓት ማለት ውጤት ማለት ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ የትምህርት ቤቷን ርእሰ መምህር «ለፈተናው ልዩ ድጋፍ የሚጠየቀው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለዓይነ ስውራን አንባቢ መመደብና ሰዓት መጨመር የተለመደ ነው። የንባብ እክል በዓይን ስለማይታይ ወላጅ ካልጮኸ የሚያስታውሰው የለም።

ኮሌጅ ከገባች በኋላ ሕግ ከጎኗ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች እንደ አስፈላጊነቱ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የፈተና ሰዓት ጭማሪ፣ የሥራ ማስረከቢያ ቀን ማራዘሚያ እንዲያገኙ ይላል። አፈጻጸሙ ግቢ ከግቢ፣ እንዲያውም መምህር ከመምህር ይለያያል። ስለዚህ ኮሌጅ ሲመርጡ ስሙን ትተው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ አግኝተው ያነጋግሩት። ጥሩ አማካሪ ቢኖር የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ልጅቷን ያውቃል፣ ግቢውን በእግሩ ያያል፣ ሁለቱን ያገናኛል። ልጅቷን ሳያይ ኮሌጅ የሚነግርዎት ሰው አማካሪ አይባልም።

አንድ ነገር አይርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም ኮሌጅ ተማሪ፣ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት አለበት። «ቀላል ነው፣ አያስጨንቅም» እየተባለ የሚሸጥ የግል ኮሌጅ አራት ዓመት አስተምሮ በመጨረሻ እዚያ በር ላይ ሊያቆማት ይችላል። ለመውጫ ፈተና ንባብ ለሚከብደው ተማሪ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቋቸው። መልስ ከሌላቸው ሌላ ይፈልጉ።

ስለ ዲዛይኑ በድፍረት ከልጅዎ ጋር ነኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ ፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ይማሩበታል። እዚያ የምትማረው እርስዎ የሚሠሩትን ሥራ ከሌላኛው ጫፍ ነው፤ ወገቧን አይሰብርም።


የወንድ ልጅ እናት (ሜሪላንድ)

እህት ዓለም፣ እኔም የዲስሌክሲያ ልጅ እናት ነኝና ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አማካሪም ከፍለን ነበር።

በመጀመሪያ በደላላና በአማካሪ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘቡ የሚመጣበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የውጭ ትምህርት ወኪሎች በላኩት ተማሪ ልክ ከኮሌጁ ኮሚሽን ይቀበላሉ። ስለዚህ የሚመርጡት የሚከፍላቸውን ኮሌጅ ነው፤ አገሩ ከቱርክ ወደ ማሌዢያ የሚለዋወጠው ከዚህ ሊሆን ይችላል። እዚህ በ1976 (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመ የገለልተኛ የትምህርት አማካሪዎች ማኅበር አለ፣ አይኢሲኤ ይባላል። አባላቱ ተማሪ በማስገባታቸው ከኮሌጅ ገንዘብ እንዳይቀበሉ የማኅበሩ ደንብ ይከለክላል፤ ግቢዎችን እየዞሩ ማየትም ይጠበቅባቸዋል። እህትሽ የምትቀጥረውን ሰው መጀመሪያ «ከኮሌጅ የምትቀበለው ገንዘብ አለ?» ትበለው። «የመማር እክል ላለበት ልጅ ብለህ የትኞቹን ግቢዎች አየህ? እዚያ ከማን ጋር ተነጋገርህ?» ብላም ትጨምር። እየተንተባተበ ከመለሰ ስልኩን ትዝጋ።

የኛዋ አማካሪ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከልጄ ጋር ብቻ አደረገች፣ እኔን በር ላይ አስቀመጠችኝ። ያኔ ከፋኝ። ምክንያቷን ኋላ አስረዳችኝ። እዚህ ልጁ ትምህርት ቤት እያለ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፣ ትምህርት ቤቱ ግዴታ አለበት፣ ወላጅም ይፈርማል። 12ኛን ሲጨርስ ያ ሁሉ ያበቃል። ኮሌጅ ላይ የሚሠሩት የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ናቸው። አድልዎ ይከለክላሉ እንጂ ማንም መጥቶ «ምን ልርዳህ?» አይልህም። ተማሪው ራሱ ወደ ቢሮው ሄዶ፣ ወረቀቱን አሳይቶ፣ ይህ ያስፈልገኛል ማለት አለበት። እናት ደውላ ብታለቅስ አይሰሟትም። ስለዚህ አማካሪዋ ልጄን ለሰዓታት ያስለማመደችው ስለ ራሱ ችግር ሳያፍር መናገር ነበር። ከከፈልነው ሁሉ ዋጋ የነበረው ያ ነው።

ኮሌጆቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ሙሉ በሙሉ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች የተቋቋሙ አሉ፤ በቨርሞንት ያለው ላንድማርክ ከ1985 ጀምሮ፣ በፍሎሪዳ ያለው ቢከን ከ1989 ጀምሮ። ጥሩ ናቸው፣ ክፍያቸው ግን ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ከባድ ነው። ቀጥሎ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገባ የድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ሶልት የታወቀ ነው። ሦስተኛው ተራው ኮሌጅ ነው። የአካል ጉዳተኞች ቢሮው የሰዓት ጭማሪውን፣ የድምፅ መጽሐፉን በሕግ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ልጄ የገባው ሦስተኛው ጋ ነው፤ ሰፈር ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በየሴሚስተሩ ትንሽ ትንሽ ኮርስ እየወሰደ ጨርሷል።

ይቺ የመጨረሻዋ ግን ለአንቺ ልጅ እንደ ልጄ ቀላል አትሆንም። በተማሪ ቪዛ የመጣች ልጅ ሙሉ ኮርስ መያዝ አለባት፤ ለመቀነስ የሐኪም ማስረጃና የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ለእህትሽ ይህን ንገሪያት። አሜሪካ መምጣቱን እርሺው አልልሽም። ለዘንድሮ ግን የእህትሽ ገንዘብ እዚያው ምርመራው ላይ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛም ይውጣ፤ እዚህም እዚያም ይሠራላታል።


አጋሮ ልጅ

እናቴ፣ እኔ ዲስሌክሲያ ያለብኝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የትኛው ግቢ እንደሆነ አልናገርም። ትምህርቴ ኮንስትራክሽን ነው።

አጋሮ ሳለሁ ሕግ መማር ነበር ምኞቴ፣ ንግግር ስለምችል። አጎቴ አንድ የሕግ ተማሪ ጋ ወስዶ ለአንድ ሳምንት የሚያነበውን ሞጁል አሳየኝ። በዚያው ተውኩት። ልጅዎን እንዲህ ያድርጓት፤ የምትፈልገውን ትምህርት የሚማር ሰው ፈልጋ የአንድ ሳምንት ሃንድአውቱን በእጇ ትያዘው፣ ፈተናውን ትየው። ጽሑፍ ነው? ሥዕል ነው? በእጅ የሚሠራ ነው? ከዚያ ራሷ ታውቀዋለች።

ግቢ ውስጥ የማደርገውን ልንገርዎት። ሌክቸሩን አስፈቅጄ በስልኬ እቀዳለሁ። የእንግሊዝኛውን ሃንድአውት ስልኬ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እየሄድኩም እየበላሁም እሰማዋለሁ። ሴሚስተሩ ሲጀምር፣ ፈተና ሳይደርስ፣ እያንዳንዱን መምህር ቢሮው ሄጄ ወረቀቴን አሳያለሁ። አንዱ አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ ወደ ዲኑ ሄድኩ፣ ሰዓት ተጨመረልኝ። ከፈተና በኋላ ሄዶ መንገር ግን ሰበብ ይመስላል፣ ማንም አይሰማም።

ዶርም ውስጥ ደግሞ የሚያነብላትን ጓደኛ ቶሎ ትያዝ። እኔ ለጓደኞቼ ድሮዊንግ እሠራላቸዋለሁ፣ እነሱ ያነቡልኛል። እፍረት የለበትም።


የጋርመንት አሠልጣኝ

ወ/ሮ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። ጨርቁን አይታ የምትቆርጥ ልጅ ጋርመንት (የልብስ ስፌት ሙያ) ብትገባ ሥልጠናው በአብዛኛው ተግባር ነው። የሙያ ብቃት ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም አለው፣ ጽሑፉን አላቃልለውም። ግን እኔ ባየኋቸው ሠልጣኞች ችግሩ የሚብሰው በተግባሩ ነው፣ እሷ ደግሞ ተግባሩን ይዛው ነው የምትመጣው። ደረጃ በደረጃ እስከ 5 ድረስ አለ። ዩኒቨርሲቲው ባይሳካ ወደቀች አይባልም። ጅማ ፖሊ ቴክኒክ ሄደው ምን ምን ዘርፍ እንደሚያሠለጥኑ ይጠይቁ፣ ከቤትዎ አይርቅም።


የመርካቶዋ ሰፊ (ጅማ)

አላህ ይስጣችሁ። ሌሊቱን እያነበብኩ አነጋሁት። ልጄንም አስቀምጬ የሁላችሁንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አጋሮ ልጅ ጋ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለች።

ሰውየው ዛሬ ደወለ። ከኮሌጅ የምትቀበለው ገንዘብ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይሄ የውስጥ አሠራራችን ነው» አለኝ። እንግዲያው ይቅርብኝ አልኩት። እህቴም የሜሪላንዷን ምክር ስትሰማ ለምርመራው እልካለሁ ብላለች።

ባሕር ዳሩ ላይ ገና አልወሰንኩም። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ለሴት ልጅ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ሰላም ሲሆን ነው። አባቷም ይጠየቃል። እሷ ግን ከእናንተ በኋላ ጠንክራብኛለች። «ዲዛይነር ስሆን ልኩን የሚጽፍልኝ ሰው እቀጥራለሁ» ትላለች፤ እኔን መቅጠሯ ነው መሰለኝ። ሰኞ ርእሰ መምህሩ ጋ እንሄዳለን።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምርመራው ስንመጣ ምን እንያዝ? ልጅቷ ሰው ፊት አንብቢ ሲሏት ትንቀጠቀጣለች።


የልዩ ፍላጎት መምህር (ጅማ)

ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉትን የውጤት ካርዶች ያገኙትን ያህል፣ የጽሕፈት ደብተሮቿን (የተሳሳቱትን ገጾች እንዳይገነጥሉ፣ እንዳሉ ይምጡ)፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራውን ውጤት ይያዙ። የቆረጠችውን ቀሚስ ፎቶም ያምጡልን፤ የምትችለውም ይመዝገብ። ጠዋት ይምጡ፣ ከሰዓት በኋላ ደክሟት ከሆነ ልኩ ይዛባል። ንባቡን ከመርማሪው ጋር ለብቻዋ ሆና ነው የምታነበው፣ ሌላ ሰው አይኖርም። ይህንን ዛሬውኑ ይንገሯት።